ባዮሎጂ ለደረሳችሁ ልጆች

የዲፓርትመንት ምደባ በተለጠፈ ቁጥር ቴሌግራሜ በአንድ አይነት ጥያቄ ነው የሚሞላው፣ ባዮሎጂ ደረሰኝ ምን ይሻለኛል፣ ባዮሎጂ ተምሮ ስራ አለ ወይ፣ አንዷ ልጅማ ዊዝድሮው ሞልቼ ድጋሚ ልፈተን ወይ ብላ ጻፈችልኝና አንጀቴን በላችው። ለሁሉም ተራ በተራ መመለስ ስላልቻልኩ አንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ፣ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ አፕላይድ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ አዲስ አበባ ሳይሆን ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተመረቅኩ በኋላ ሃይስኩል አስተምሬያለሁ፣ ከዛ ማስተርሴን በነፍሳት ሳይንስ ሰራሁ፣ አሁን የወባ ትንኝ ላይ የሚሰራ የምርምር ቡድን ውስጥ ነኝ። የምነግራችሁ ውስጡ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ሀቁን እንነጋገር። በኛ አገር ባዮሎጂን አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሚሞላ ልጅ በጣም ጥቂት ነው። 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ ሁሉ ልቡ ያለው ሜዲስን ላይ ነው፣ ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ባዮሎጂውን ኤ ያመጣል፣ ከዛ ጂፒኤው በትንሽ ነጥብ ያንስና ሜዲስን ይቀራል፣ ፋርማሲ ይቀራል፣ ሜዲካል ላብራቶሪ ይቀራል፣ በመጨረሻ ስሙን ባዮሎጂ የሚለው ሊስት ላይ ያገኘዋል። የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ክላሱ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። ቤተሰብ ደግሞ አለ፣ ልጄ ዶክተር ልትሆንልኝ ነው ብሎ ለሰፈሩ ያወራ ቤተሰብ፣ ሲደውል "ታዲያ ይሄን ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?" ይላል፣ መልሱን ሲሰማ ዝም ይላል። ይሄ ዝምታ ብዙ ልጅ ሰብሯል። ጎበዝ ጎበዝ የሆኑ ልጆች ያልደረሳቸውን እያሰቡ የደረሳቸውን ሳያዩት ሲመረቁ አይቻለሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

(አሜሪካ ያለ አጎት ወይ አክስት ባዮሎጂ ሲባል እልል ካለላችሁ ግራ አይግባችሁ፣ እዛ ሜዲካል ስኩል የሚገባው መጀመሪያ ባችለር ተይዞ ነው፣ ብዙው ተማሪ ደግሞ ለዛ ብሎ ባዮሎጂ ይማራል፣ ስለዚህ እነሱ ጋ ባዮሎጂ ወደ ሜዲስን መግቢያ በር ነው። እዚህ ሜዲስን ከፍሬሽማን በቀጥታ ስለሚገባ ባዮሎጂ ውስጥ ያለ ሰው መንገዱ ሌላ ነው።)

ዋናው ሀሳቤ ይሄ ነው፦ ባዮሎጂ የሚል ዲግሪ ብቻውን ስራ አያስገኝም፣ ባዮሎጂ ውስጥ አንድ ጠባብ ነገር ይዞ እሱን ጠንቅቆ ማወቅ ግን ያስገኛል፣ ያ ነገር ደግሞ መመረጥ ያለበት ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ሶስተኛ ዓመት ላይ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን ክፍት የስራ ቦታዎች ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው። የሆስፒታልና የክሊኒክ ላብራቶሪ ስራ የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሜዲካል ላብራቶሪ ምሩቅ ነው፣ እናንተ ማይክሮስኮፕ ስር የወባን ጥገኛ ከሱ እኩል ብታውቁትም አትቀጠሩም። የግብርና ምርምር ከሆነ ፕላንት ሳይንስ የተማረው ይቀድማችኋል፣ የእንስሳት በሽታ ከሆነ ቬተሪነሪ አለ፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስም ባዮቴክኖሎጂም ራሳቸውን የቻሉ ዲፓርትመንቶች ናቸው። ስለዚህ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ የሚል የባዮሎጂ ምሩቅ በሄደበት ሁሉ ለቦታው ከሱ የቀረበ ሰው ያገኛል። ይሄን ሁለተኛ ዓመት ላይ ማንም አይነግራችሁም፣ አራተኛ ዓመት ላይ ሲቪ ስትጽፉ ነው የሚገባችሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ላሳያችሁ፣ ምሳሌውን ከራሴ ስራ ልውሰደው።

እዚህ አገር ወባን በዋናነት ስታስተላልፍ የኖረችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባል ትንኝ ናት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳ ላይ በቀረ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ፣ እንደዛ አይነት ቦታ ነው የምትራባው። ከዛ በ2016 እ.ኤ.አ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ከዛ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ያልታየች አይነት ተገኘች፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፣ የደቡብ እስያና የአረብ አገር ትንኝ ናት፣ በ2012 እ.ኤ.አ ጅቡቲ ላይ ታይታ ነበር። ይቺኛዋ ከተማ ትወዳለች፣ በርሜል ውስጥ፣ ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ሮቶ ውስጥ፣ ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ ለሲሚንቶ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ትራባለች፣ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 እ.ኤ.አ በበጋ ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ ከጀርባው እሷ እንዳለችበት ታወቀ። አስቡት እስኪ፣ ወባ የገጠርና የቆላ፣ የመስከረምና የጥቅምት በሽታ ነው ብሎ የኖረ አገር ድንገት የከተማ ወባ ሲገጥመው ምን ማለት እንደሆነ።

እንደዚህ አይነቱ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ከአንድ ሰው ነው፣ አንዱን የትንኝ እጭ ከሌላው መለየት ከሚችል ሰው። ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋ አለን፣ እሱን በርሜሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ትነክሩና ውሃውን ታያላችሁ፣ ጥላችሁ እጮቹ ላይ ካረፈ ወዲያው ወደ ታች ይጠልቃሉ፣ ስለዚህ ፀሐዩን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ነው የምትቆሙት። ትንሽ ስትታገሱ ተመልሰው ይወጣሉ። ኩሌክስ የሚባለው አይነት ከጭራው ጫፍ ባለች መተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች ያዘቀዝቃል። አኖፊለስ ግን ቱቦ የለውም፣ ልክ እንደ ውሃው ገጽ ጠፍጣፋ ብሎ ይተኛል። በአይን ነው የሚለየው፣ ምንም መሳሪያ አይፈልግም። ከዛ እጩ አድጎ ትንኝ እስኪሆን ላብራቶሪ ውስጥ ይቀለባል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ከአፏ ጎንና ጎን ባሉት ፓልፕ በሚባሉት ላይ ያሉት ነጭ ቀለበቶችና ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ መጨረሻ ላይ በዲኤንኤ ይረጋገጣል። ይሄን መስራት የሚችል ሰው ስንት አለ መሰላችሁ? በጣም ጥቂት ነን። ለዚህ ነው ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር የምንፈለገው፣ የዲግሪያችን ስም ባዮሎጂ ይሁን ሌላ ማንም አይጠይቅም።

የኛ ሙያ ታላቅ የሚባለው ታሪክም የተጀመረው አይቶ በመለየት ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠና ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ብቻ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። እንዶድን ማን የማያውቀው ነበር፣ እናቶቻችን ስንት ዘመን ነጠላ አጥበውበታል፣ ግን ከማጠቢያው በላይና ከማጠቢያው በታች ያለውን አወዳድሮ ለምን ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። ከዛ ዓመታት ፈጅቶ አረጋገጠው፣ በ1989 እ.ኤ.አ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ አዋርድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። አክሊሉ ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አሁንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር አለ፣ ስሙም አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፣ ከናንተ ውስጥ ፓራሳይቶሎጂ (የጥገኛ ተህዋስያን ጥናት) የሚወድ ካለ ማስተርስ ሲያስብ አንዱ ሊያየው የሚገባ ቦታ እሱ ነው።

ትንኝና ትል የሚቀፋችሁ ደግሞ አላችሁ፣ ይገባኛል፣ እጽዋት ሂዱ። አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ናሽናል ሄርባሪየም አለ፣ ብዙ የባዮሎጂ ተማሪ በበሩ ያልፋል እንጂ ገብቶ አያየውም። ውስጡ ከመላው አገሪቱ የተለቀሙ፣ የደረቁና ካርቶን ላይ የተለጠፉ እጽዋት በቁም ሳጥን ተደርድረው ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የሚባለው ስምንት ቅጽ መጽሐፍ እዚህ ነው የተሰራው፣ ስራው በ1980 እ.ኤ.አ ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ አለቀ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የእጽዋት ዝርያዎች አሉበት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በዚህ ስራ ነው ዓለም ያወቃቸው፣ ኪው የሚባለውን የእንግሊዝ እጽዋት ማዕከል ሜዳሊያ ተሸልመዋል፣ የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መርጧቸዋል። አንድ ዕጽ ለሄርባሪየም ሲሰበሰብ እንዲህ ነው፣ አበባ ወይ ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ትቆርጣላችሁ፣ አበባ የሌለውን ለመለየት መከራ ነው፣ ጋዜጣ መሃል ዘርግታችሁ በእንጨት ፕሬስና በቀበቶ ጥብቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ፣ እርጥቡን ጋዜጣ በየቀኑ በደረቅ ትቀይራላችሁ፣ ካልቀየራችሁ ይሻግታል። ከዛ ሌብል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው። ሌብል የሌለው ዕጽ የደረቀ ቅጠል ነው፣ ለማንም አይጠቅምም።

ይሄን የሚችል ሰው የት ይሰራል? ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፣ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ፣ የደን ምርምር አለ፣ ብዙ ልጆች የማያውቁት ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሰሩ አማካሪ ድርጅቶች አሉ፣ መንገድ ወይ ግድብ ከመሰራቱ በፊት እዛ ቦታ ላይ ምን ዛፍ ምን እንስሳ እንዳለ አጥንቶ የሚጽፍ ሰው ይቀጥራሉ፣ ዝግባን ከጽድ ኮሶን ከወይራ በሩቁ የሚለይ፣ የሳይንስ ስማቸውንም ሳይሳሳት የሚጽፍ ሰው እዛ ቦታ ያገኛል።

ዱር የሚወድ ልጅ ካለ ቀይ ቀበሮን ላንሳለት። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያሉት፣ አብዛኞቹ ባሌ። ከሰው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ሲገባባቸው በጅምላ ነው የሚጨርሳቸው፣ ስለዚህ እነሱን ማዳን የሚጀምረው የገበሬውን ውሻ ከመከተብ ነው። ብርድ ላይ ድንኳን ውስጥ እያደሩ በቢኖኩላር ቀበሮ የሚቆጥሩ ባዮሎጂስቶች አሉ፣ ስራቸው ከባድ ነው፣ ደመወዙም ቦታውም በፕሮጀክት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ግን አንዳቸውም ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከተማ ውስጥ መደበኛ ስራ እፈልጋለሁ ለሚል ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ ነው። የቢራ ፋብሪካ፣ የታሸገ ውሃ፣ የወተት ማቀነባበሪያ፣ ሁሉም የጥራት ቁጥጥር ላብ አላቸው። ውሃው ውስጥ ኮሊፎርም የሚባለው ባክቴሪያ አለ የለም የሚለውን ሳምፕል ወስዶ፣ ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) አዘጋጅቶ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሮ፣ ኮሎኒ ቆጥሮ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቋችሁ ቲዎሪ አይደለም፣ አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ስንት ዲግሪ ላይ ለስንት ደቂቃ ነው ይሏችኋል፣ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ "በእጅሽ ሰርተሽዋል?" ይሏችኋል፣ እዛ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። የአበባ እርሻዎችም አሉ፣ ባቱም ሆለታም፣ ቅጠል የምታደርቀዋን ጥቃቅን ተባይ በመድኃኒት ፋንታ በሌላ አዳኝ ጥቃቅን ፍጡር እያስበሉ የሚቆጣጠሩበት ክፍል አላቸው፣ እዛ የነፍሳት ኮርስ በደንብ የወሰደ ሰው ይፈለጋል።

በእጅ የመስራት ነገር ካነሳሁ ላይቀር፣ ትልቁ ችግራችን እሱ ነው። እኔ በተማርኩበት ግቢ አንድ ማይክሮስኮፕ ከብበን ነበር የምናየው፣ ከኋላ የቆመው ልጅ የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው፣ ፒሲአር የሚባለውን ዲኤንኤ የሚያባዛ ማሽን እስክመረቅ በፓወርፖይንት ብቻ ነው የማውቀው። ይሄ የተማሪ ጥፋት አይደለም፣ እንደዚህ ሆኖ የተመረቀን ልጅ ልምድ የለህም ብሎ መመለስ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ምን እንደሆነ አስታውሱ፣ ምርመራው ፒሲአር ነው፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ብቻውን አይችለውም፣ አህሪ የሚባለው የምርምር ተቋምም ገባ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ገቡ፣ ያን ጊዜ ፒፔት መያዝ የሚችል ባዮሎጂስት ቀን ከሌሊት ነው የሰራው። አገሪቱ እነዚህን ሰዎች የምትፈልጋቸው ቸግሯት ጊዜ ብቻ መሆን የለበትም።

እስከዛው ግን እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ ክረምትን አታባክኑት። ሶስተኛ ዓመት ስትጨርሱ አንድ የምርምር ተቋም ሄዳችሁ ያለክፍያ ልስራ በሉ፣ ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ደብዳቤ ከሌለ ጥበቃው ራሱ አያስገባችሁም። ሳምፕል ማጠብ፣ ሌብል መጻፍ፣ ዳታ ኤክሴል ላይ ማስገባት ይሰጧችኋል፣ ደስ እያላችሁ ስሩት፣ ላቡ ውስጥ ስትውሉ ሌላውን ታያላችሁ፣ ሰው ሲቀር ደግሞ "ነይ እስኪ አንቺ ያዢው" ትባላላችሁ። ቀስ በቀስ ነው የሚገባው። ባዮስታቲስቲክስን ደግሞ ለማለፍ ብቻ አትማሩት፣ እውነቴን ነው፣ ምርምር ቡድን ውስጥ ዳታ መተንተን የሚችል ሰው ሁሌም ይፈለጋል፣ ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ወይ ጂአይኤስ (የካርታ ዳታ መተንተኛ) ጨምራችሁ ከቻላችሁ ከናንተ በጂፒኤ የሚበልጣችሁን ልጅ ትቀድሙታላችሁ።

ስለ ማስተማር ልመለስ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ካየነው አብዛኞቻችን የምንገባው እዛ ነው። አፕላይድ የተማረ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ ይማራል፣ ከዛ ይመደባል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር አያደርስም፣ ይሄን መሸፋፈን አልፈልግም፣ ብዙ ጎበዝ መምህራን በዚህ ምክንያት ጥለው ሄደዋል። ግን ማስተማር የወደቀ ሰው ማረፊያ ነው የሚለውን አልቀበልም። እኔ የነበርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፑ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ ከተሰበረ ማን ይከፍላል ስለሚባል ማንም አያወጣውም። ፈርሜ አወጣሁት። ሽንኩርት ከቤት ይዤ፣ አዮዲን ከፋርማሲ ገዝቼ፣ ያቺን ስስ የሽንኩርት ልጣጭ መስታወት ላይ ዘርግተን ተራ በተራ አዩ፣ ሴል ማለት መጽሐፍ ላይ ያለ ስዕል የመሰላቸው ልጆች ግድግዳውንና ኑክሊየሱን በአይናቸው ሲያዩት "ቲቸር ይሄ እውነተኛው ነው?" አሉኝ። ከዛ ክፍል ውስጥ ዛሬ ባዮሎጂ እያጠኑ ያሉ አሉ፣ በምርጫቸው። አንድ ጥሩ የባዮሎጂ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ከዚህ በላይ እንዴት ላስረዳ።

ኤግዚት ኤግዛም የሚያስጨንቃችሁ አላችሁ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሳያልፉት ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው። ሴል ባዮሎጂ፣ ጀነቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢኮሎጂ ላይ መሰረት ካላችሁ ትወጡታላችሁ፣ መጨረሻ ሰዓት ላይ የቴሌግራም ጥያቄ መሸምደድ ግን አያዋጣም። ስኮላርሺፕም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ፣ የአውሮፓው ኤራስመስ ሙንዱስም የጀርመኑ ዳአድም ለባዮሎጂ ሰው የሚሆኑ ፕሮግራሞች አሏቸው፣ ነገር ግን ማመልከቻው ላይ "ባዮሎጂ እወዳለሁ" ከሚል ሰው ይልቅ "ሐይቅ ውስጥ ያለ አልጌ ላይ ሰርቻለሁ፣ ይሄን አግኝቻለሁ፣ ይሄ ደግሞ ሳይመለስ ቀርቷል" የሚል ሰው ነው የሚመረጠው፣ እዚህም ላይ ጠባቧ ነገር ናት የምታሻግራችሁ። የሲኒየር ፕሮጀክታችሁን ለዚህ ተጠቀሙበት፣ የሌላ ሰው ስራ ርዕስ ቀይራችሁ አታስገቡ፣ አድቫይዘራችሁ ቢፈቅድላችሁም አታድርጉት። የሰፈራችሁ ወንዝ፣ የገበያው ቅመም ላይ ያለው ሻጋታ፣ የእናታችሁ እርሾ ውስጥ ያለው ጥቃቅን ህይወት፣ ብዙ ገንዘብ የማይፈልግና ማንም በደንብ ያልሰራው ነገር በዙሪያችሁ ሞልቷል።

በወባ ትንኝ ላይ ሲኒየር ፕሮጀክት መስራት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በብዙ ቦታ ዋናው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው፣ ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት፣ መስከረም ላይ ርዕስ የሚመርጥ ሰው እጭ ፍለጋ ሲወጣ ኩሬው ደርቆ ነው የሚያገኘው። ጭልፋው የሌላችሁ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ይሰራል። ርዕሳችሁን ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።